ለግንበኛም ወንበር ይዘርጋለት

በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ሲጠርብ የሚውለውን ወጣት ላስተዋለ ሰው፥ ሙያውን በዓይኑ ቀምቶ የተማረ እንጂ ቱንቢ እንዴት እንደሚጣል፥ ሲሚንቶና አሸዋ በምን መስፈሪያ እንደሚደባለቅ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረው መሆኑ ይገለጥለታል። ከዚያው ብዙ ሳይርቅ፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር ዘርግተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ፥ ጥበብ ያለ መምህርና ያለ ጉባኤ እንደማይጸና አሳይተውናል። ለግንባታ ሙያም እንዲሁ በ1940ዎቹ በስዊድን ርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ኋላም በጀርመን ድጋፍ የኮብልስቶን ሥልጠና ብዙ ሥራ ፈት እጆችን ባለሙያ አደረገ። ነገር ግን የባዕድ ርዳታ ሲነጥፍ ትምህርቱም አብሮ እንዳይነጥፍ፥ ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሕንፃ ውል ጥቂት እጅ ለሠልጣኞች ቀለብና መሣሪያ ይከፈል ዘንድ በሕግ ይደንገግ፤ ያልተማረ እጅ መሠረቱን የጣለው ቤት ዕዳው ለልጅ ልጅ ነውና።