አዲሱ ይሞከር ወይስ የለመድነው ይጥራ?

ሙግት

ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የምግብ አሠራር በኪሱ ይዞ ይዞራል። ላዛኛው፣ ካብሳው፣ «በ15 ደቂቃ የሚደርስ ዶሮ ወጥ» የሚባለው ሳይቀር በየቀኑ ዐይን ውስጥ ይገባል፤ ጥቂቱም ጓዳ ይደርሳል። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በቤት ጓዳ አዲስ አሠራር መሞከር ልማድ ይሁን ወይስ ጊዜያችንና ገንዘባችን የምናውቀውን ጠንቅቀን ለመሥራት ይዋል? «ይሞከር» የሚሉት ጸሐፊ ምግብ ማብሰል የጀመሩት በጎልማሳነታቸው ነው። «የለመድነው ይጥራ» የሚሉት ጸሐፊ ደግሞ ለሰርግና ለክርስትና ወጥ በመሥራት የኖሩ ባለሙያ ናቸው።

ይሞከር

«ከጥንት የኛ ነው» የምንለውን ከመሶባችን እያነሳን እንየው። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያ ድስት ውስጥ አልነበረም። ቲማቲምና በቆሎም የመጡት ከዚያው ነው። ድንች የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ቀይ ወጥ የተገኘው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል የለመደ ድስት ውስጥ አንዲት ሴት ያንን እንግዳ ቀይ ፍሬ ደፍራ ስለጨመረች ነው። የዚያን ቀን ቤተሰቡ «እኛ ቤት እንዲህ አይሠራም» ብሎ ድስቱን ደፍቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርለት ዶሮ ወጥ አይኖርም ነበር።

የጾም ጓዳችንንም ተመልከቱ። በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀመስም። እናቶቻችን ግን የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው ወጥ ውስጥ ጨመሩትና የሽምብራ ዓሣ አሉት። ሱፉን ፍትፍት አደረጉት፤ ከባቄላውም ስልጆ አወጡ። ፓስታም በጣሊያን በኩል ሲመጣ በቁሌትና በበርበሬ ተቀበልነው፤ ዛሬ በእንጀራ የሚበላበት ቤት ሞልቷል። እነዚህን ምግቦች ያወረሱን ሰዎች መሞከር የሚፈሩ አልነበሩም።

ደግሞ «አዲስ» ስል የባሕር ማዶውን ብቻ ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ፒዛ እየበላ ያድጋል፤ የአጋሜን ጥሕሎ ግን ሳይቀምስ ይጎለምሳል። የሲዳማን ቡርሳሜ፣ የሐረሪን ሑልበት መረቅ፣ ኮንሶዎች በሽፈራው ቅጠል የሚሠሩትን ኩርኩፋ በስም እንኳ የማያውቅ ጎረቤት አለኝ። ክትፎ ከጉራጌ ቤት ወጥቶ የሁላችን ለመሆን የበቃው ሌላው ሰው በቤቱ ስለሞከረው ነው። የጎረቤትን ማዕድ ከዚህ በተሻለ ማወቂያ መንገድ አላውቅም።

እንደመጣ ይሠራ አላልኩም። መሞከር ሥርዐት አለው፤ በሥራ ቀን፣ እንግዳ በማይጠበቅበት ሰዓት፣ በትንሽ ድስት መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ነው። የምስር ወጡን ቁሌት ሳይነካ መከለሻውን ብቻ የለወጠ ሰው ጣዕሙ በምን እንደተለየ ያውቃል። ሽንኩርቱንም ዘይቱንም ቅመሙንም በአንድ ላይ የቀየረ ግን ጥሩ ቢወጣለትም ምክንያቱን አያውቅም። ውጤቱ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ሌላ ሰውም ይቅመሰው።

መሞከር የአሠራሩን ምክንያት ያስተምራል። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውሃ የበሰለው አብሲት ወደ ሊጡ ሲመለስ እንጀራው ዐይን ያወጣል። ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል። አንድ ጊዜ ያለ አብሲት ጋግሮ ልዩነቱን ያየ ሰው ግን ከመስማት አልፎ ያውቀዋል። የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ሰው ሊጡ በተበላሸ ቀን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

የለመድነው ይጥራ

ወንድማችን የበርበሬን ታሪክ አሳምረው ነገሩን፤ የዘለሉት ጊዜውን ነው። ያ ቀይ ፍሬ የእኛ በርበሬ እስኪሆን ድረስ በብዙ ትውልድ እጅ አልፏል። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፤ እንደገና ይሰጣል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ገብቶበት ይታመሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል በርበሬው ይሻግታል፣ ወይም ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ያስገኘው ያንኑ ሥራ ሺህ ጊዜ ማረም ነው።

ዛሬ መሞከር የሚባለው ሌላ ነው። ቪዲዮ ይታያል፣ ዕቃው ይገዛል፣ ይሠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይረሳል። በሳምንቱ ሌላ ይመጣል። ከአምስት አዳዲስ ምግብ አንዱንም ሁለተኛ ጊዜ የማይሠራ ሰው ምን ተማረ?

አሠራሩም የተጻፈው ለእኛ ጓዳ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ዱባይ ወይም ቤሩት ባሕር ዳር በ20 ደቂቃ የበሰለ ጥራጥሬ እዚህ ያንኑ ጊዜ ብቻ ቢጣድ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ኬኩም የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። ቪዲዮው ይህን አይናገርም። የእናቶቻችን ሰዓት ግን የተለካው እዚሁ ደጋ ላይ ነው።

ያንን «የ15 ደቂቃ ዶሮ ወጥ» ደግሞ እንየው። ቀይ ሽንኩርት በደረቅ ድስት ይጣዳል። ውሃው እስኪመጥ ይማሰላል፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እየተደረገበት እንደገና ይማሰላል። ስኳሩ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ሽንኩርቱም ሟሙቶ ወጡን ያወፍረዋል። ዶሮ ወጥ እንዲወፍር ዱቄት የማይፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሽንኩርቱን በብሌንደር ፈጭተው የጣዱት እንደሆነ ግን ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቀው ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። 12ቱ ብልት እንደ ወጉ ቢወጣ፣ በሎሚና በጨው ቢታጠብ፣ ቁሌቱ ካልበሰለ ምን ዋጋ አለው? የበሰለ ቁሌት ምን እንደሚል የማያውቅ ሞካሪ የጎደለውንም አያውቅም። መለኪያ የሌለው ሙከራ ዕጣ መጣል ነው።

ሒሳቡን የሚከፍለውስ ማነው? ዶሮና ቅቤ ገበያ ላይ ስንት እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በገንዘብ ብቻም አያበቃም። ባል አዲስ ነገር ሞክሮ ቢያሳርር «አይዞህ፣ ጎበዝ» ተብሎ ይሳቅለታል። ሚስት ብታሳርር «ሙያ የላትም» ትባላለች፤ ነገሩም እስከ አማቶቿ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ «ሞክሩ» የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል አይቀልም።

የለመዱትን መሥራት ዝም ብሎ መደጋገም የሚመስለው ላልሠራው ሰው ነው። ሰርገኛና ማኛ ጤፍ የሚፈልጉት ውሃ ይለያያል። በክረምት ብርድ ሊጡ ይዘገያል፤ በበጋ ቸኩሎ ይሆመጥጣል። አዲስ የተፈጨው በርበሬ ካምናው የሚበረታበት ጊዜ አለ። ያንኑ እንጀራና ያንኑ ወጥ የምትሠራ ሴት በየሳምንቱ በእጇና በአፍንጫዋ አዲስ ነገር ትወስናለች። ወንድማችን የሚፈልጉት ሙከራ ይህ ውስጥ አለ፤ ስላልተጮኸለት ነው የማይታየው።

የደጋፊው መልስ

እህታችን ስለ ከፍታው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ለእኔ ነው። በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ኬክ ምን ያህል ቤኪንግ ፓውደር እንደሚበቃው ከአያቶቻችን አንወርስም፤ አልጋገሩትማ! ማወቂያው ቀንሶ መጋገርና ማየት ነው። አሠራሩ ለእኛ ጓዳ ካልተጻፈ ለእኛ ጓዳ የምንጽፈው እኛው ነን።

መለኪያውንስ ሰው ከየት ያመጣዋል? እናቱ ምድጃ አጠገብ ላደገ ችግር የለም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የተወለደው ልጅስ? እዚያ ብዙ ቤቶች ጤፉን ከገብስ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ከሚባለው ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ይጋግራሉ። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን ነፍቶ ዐይን ያወጣለታል። ከማኛ ጤፍ እንጀራ ጋር አይወዳደርም። ያ ሙከራ ባይኖር ግን እነዚያ ልጆች ወጡን በዳቦ እየበሉ ባደጉ ነበር። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንም ካብሳውን በእኛ ኮረሪማ ሲሠሩት ያወቁትን አላጠፉም፤ በላዩ ጨመሩበት።

ስለ ባልና ሚስት የተባለው እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ባልም ሽንኩርት መክተፍ መጀመሩ እንጂ ሚስት መሞከሯን መተዋ አይደለም። እኔን ጓዳ ያስገባኝ የታወቀው ወጥ አይደለም። በዚያ ወጥ ላይ እናቴም፣ እህቶቼም፣ ባለቤቴም ዳኞች ናቸው፤ ገና ድስት ሳነሳ ይስቃሉ። እቤታችን ማንም ሠርቶት የማያውቀው ምግብ ግን ፈራጅ የለውም። ጀማሪ እጅ የሚፍታታው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው። ጓዳውን ለባለሙያ ብቻ ካጠርነው ነገ ባለሙያውን ከየት እናመጣለን?

የተቃዋሚዋ መልስ

ወንድማችን ሳያስቡት የእኔን ነገር ተናገሩልኝ። «ፈራጅ የለውም» አሉ። ፈራጅ የሌለው ምግብ አይሻሻልም። ኬኩ መነሳቱንና መስመጡን ዐይን ይፈርዳል፤ እዚያ ላይ እሺ ልበል። ጣዕሙን ግን የሚፈርደው የበላ ሰው ነው። እናትና እህቶችዎ ሲስቁብዎት የነገሩዎት ነገር ነበር፤ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ በርበሬው ጥሬ ነው፣ መከለሻው በዝቷል እያሉዎት ነበር። ከእነሱ ሸሽተው የማይታወቅ ምግብ ውስጥ ቢደበቁ እጅዎ ሊፍታታ ይችላል፤ ምላስዎ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም።

በውጭ አገር ዱቄት ቀላቅለው የሚጋግሩትን እናቶች አልነቅፍም፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ያንን ሙከራ የጀመሩት ትክክለኛውን እንጀራ ጋግረው የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። ምን ያህል እንደራቁ ስለሚያውቁ ነው ገብሱን ሲጨምሩ፣ ዱቄቱን ሲቀንሱ የኖሩት። የሽምብራ ዓሣውም እንደዚሁ ነው፤ ሽምብራ ሲቦካና ሲጠበስ የሚሆነውን ለይታ የምታውቅ ሴት ሥራ ነው። ደጋፊው ለመሞከር የጠሩዋቸው ምስክሮች ሁሉ አስቀድመው የተካኑ ናቸው።

ነገሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ አቆም ነበር። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ሽባ ያደርጋል። ቀይ ቦሎቄ ሳይዘፈዘፍ፣ በሚንተከተክ ውሃም በደንብ ሳይፈላ፣ በለዘብተኛ ሙቀት ብቻ ቆይቶ ቢበላ ያስመልሳል። ጓዳ እንዲህ ያለ ብዙ ጥንቃቄ ይዟል፤ አብዛኛው ተጽፎ አይገኝም፤ የሚተላለፈው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው። «ለምን ይዘፈዘፋል?» ብሎ ሳይጠይቅ ጊዜ ለመቆጠብ የዘለለው ሞካሪ ምን እንደዘለለ አያውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቅደም ተከተል ነው። ሰው መጀመሪያ አንድ ወጥ እስከ ጥጉ ይወቅ። በክረምትም በበጋም፣ በእንጨትም በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ ለሁለት ሰውም ለሃያ ሰውም ሠርቶ ያውጣው። ባልም ይጀምር፤ የሚጀምረው ግን በሽሮ ይሁን፤ ሽሮን ሁሉም ሰው መፍረድ ይችላልና። ሽሮው ሳይጓጉል፣ ሳያር፣ እየተንተከተከ ማዕድ ላይ የደረሰለት ሰው ሌላውን ሁሉ የሚሞክርበት ዐይንና አፍንጫ አግኝቷል።

ጥሕሎውንም አልከለከልኩም። የገብሱን ዱቄት ከማቡካትዎ በፊት ግን አንድ የአጋሜ ሰው ቤት ሄደው ይብሉ፤ ሲድቦለቦልና በእንጨቱ እየተወጋ ወጡ ውስጥ ሲነከር ቁጭ ብለው ይዩ። ከዚያ ቤትዎ ገብተው ይሥሩ፤ የሠሩትን ይዘው ተመልሰው ለዚያው ቤት ያስቀምሱ። እነሱ ከጨረሱት ለእኔም ይላኩልኝ።