ጭቃውን በሲሚንቶ አታፍኑት

አምቦ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም መናገሻ ልትሆን ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ያስጀመሩት እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ሲያወጣት የመዛወሩ ነገር ቀረ፤ የተጀመረውም ግንባታ ለማርያም ተሰጠ። እስከ ዛሬ የቆመው ሰው ስላልተለየው ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቅርስ ሰሌዳ የሌላቸው፣ ከኮረብታው በታች ያሉት የጭቃ ቤቶች ናቸው። ኑሮዬ በልስን ሥራ ነው። የአያቴ ቤት ወጋግራው ጽድ፣ ማገሩ በልጥ የታሰረ፣ ምርጊቱ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ነበር። ዘመዶቼ “እናሳምረው” አሉና በሲሚንቶ ተለሰነ። የለሰንኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ጫፉን ስስበው የክንድ ያህል ልስን ተገንጥሎ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ለጥቁር ሸክላ እንደሚቦካ አፈር እርጥብ ነበር። ምስጥ የማይደፍረው ጽድ እግሩ ላይ በእጄ ተፈረፈረ።

ጭቃ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ ሲደፈንበት ግን ከመሬት የወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ እንጨቱን ከውስጥ ይበላዋል። ኖራ እንዲህ አያፍንም፤ ጭቃም ክረምት ሲወጣ እንደገና ቢመረግ ይበቃዋል። እናቶቻችን ይህን በየዓመቱ ያደርጉት ነበር።

ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ሰዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ አሮጌ ቤት ለማደስ ፈቃድ ሲጠየቁ መጀመሪያ “ግድግዳው ከምንድን ነው?” ይበሉ። ጭቃ ቤትን የድህነት ምልክት አድርጎ ማየቱ ይቅር። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችም ከብሎኬቱ ጎን ምርጊትንና የኖራ ልስንን ያስተምሩ፤ ሙያው ያላቸው ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። ጣሪያውን አርዝሞ ማውጣትና የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው እግር ማራቅ ደግሞ ከልስኑ ሁሉ ይቀድማል።

እኔ በአያቴ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ሲሚንቶ ጠርቤ ጨርሻለሁ፤ የበሰበሱትን እንጨቶች ቀይሬ መርጌዋለሁ። የጓሮው ይቀረኛል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል።