ገበያ የጣለውን ስለሚያነሡ ሰዎች



ለክርስቲያን ቤተ ሰብ በሚጻፍ ገጽ ላይ የወጣቶችን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ማንሣት ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሰው የሚወደውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚወደው መመርመር ከጥንት ጀምሮ የመምህራን ሥራ ነው። ስለዚህ ነገራችን ከጨዋታ ቢነሣም መድረሻው ጨዋታ እንዳይደለ አንባቢ አስቀድሞ ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን።

ዛሬ በብዙ ከተሞቻችን ልጆች ጆይስቲክ ጨብጠው፥ ከቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው፥ በሒሳብ የሚጫወቱበት ቤት «ፕሌይስቴሽን ቤት» ይባላል። ይህ ስም በመጀመሪያ የአንድ የጃፓን ኩባንያ ዕቃ ስም ነበረ። ዕቃው በኅዳር 1987 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቦ ከ100 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጠ፥ የዕቃው ስም የቤቱ ስም እስኪሆን ድረስ ድል አደረገ። ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቈጣጠር እንጽፋለን። እንግዲህ ድል ያደረገውን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው በዚያው ዘመን ድል ስለ ተነሣው ነው።

አታሪ የሚለው የአሜሪካ ኩባንያ ስም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በቪዲዮ ጨዋታ ሥራ የታወቀ ስም ነው። በኅዳር 1986 ዓ.ም. ይኸን ስም የያዘው ኩባንያ «ጃጓር» የተባለ መሣሪያ አወጣ። ዋጋው 250 ዶላር ያህል ነበረ፤ በማስታወቂያውም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበረታ ነው ተባለለት። ዳሩ ግን በሆዱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ዋና ዋና ቺፖች፥ ስማቸውም ቶምና ጄሪ የተባለው፥ እንደ ስማቸው ለመያዝ የሚያስቸግሩ ሆኑ። ጨዋታ የሚጽፉለት ባለሙያዎች ሥራው ከበዳቸው፤ በገበያ በቈየበት ዘመንም የወጡለት የካርትሪጅ ጨዋታዎች 50 ያህል ብቻ ነበሩ። የተሸጠው መሣሪያ 250 ሺህ እንኳ ሳይሞላ በ1988 ዓ.ም. ሥራው ቆመ፤ ኩባንያውም ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ጃጓር የመሳለቂያ ምሳሌ ሆነ። ሞልድ የሚባለው የሽፋኑ ቅርጽ ማውጫ እንኳ ተሸጦ ለጥርስ ሐኪሞች ካሜራ ሽፋን መሥሪያ ዋለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን በነጋዴ ሒሳብ የሚገኝ አይደለም። ጃጓርን ከገዙት ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ መሣሪያቸውን አልጣሉትም። የተበላሸውን ጠገኑ፤ የጠፋውን ካርትሪጅ ተፈላለጉ፤ የቺፖቹንም ጠባይ አንዱ ለሌላው አስተማረ። የአታሪን ንብረት የገዛው ሀዝብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያም በግንቦት 1991 ዓ.ም. በጃጓር ላይ የነበረውን መብት መተዉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ለጃጓር ጨዋታ መሥራት ቻለ። ባለ መሬቱ አጥሩን አፍርሶ ሄደ፤ ጎረቤቶች ገብተው አረሱት እንደ ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙበትን «ባትልስፊር» የተባለውን የጠፈር ጨዋታ ለዚሁ መሣሪያ አወጡ። መሣሪያው ከገበያ ከወጣ ወደ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ገዢውም እጅግ ጥቂት ነበረ። የሽያጩን ትርፍ ግን ለስኳር በሽታ በጎ አድራጎት ሰጡት። ትርፍ ያመጣል ተብሎ የተሠራው ዕቃ ለባለቤቱ ትርፍ አላመጣም፤ ስለ ፍቅር የተሠራው ግን ለሕሙማን ተረፈ። እስከ ዛሬም ድረስ ለጃጓር አዲስ ጨዋታ የሚሠሩለት ሰዎች አልጠፉም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የአታሪን ስም የያዘው የዛሬው ኩባንያ የስሙን 50ኛ ዓመት ሲያከብር፥ ባወጣው የጨዋታዎች ስብስብ ውስጥ ከጃጓር ጨዋታዎች አንዳንዶቹን አስገባ። ገበያ የጣለውን ወዳጆቹ ባያቈዩለት ኖሮ፥ ገበያው ራሱ የሚመለስበት ነገር ባላገኘ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ነገር በእኛ በተልተሌ ሰው ዘንድ እንግዳ መሆን የለበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር ዝናሙ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ፤ ጋናውም ሐጋያውም ባዶውን አለፈ። በዚያ ወራት የከሳች ላም በገበያ የሚጠይቃት አልነበረም። ባለቤቷ ግን በየማለዳው ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ እነርሱ ከጎንና ከጎን እርሱ ከጭራዋ ይዘው፥ ከወደቀችበት ያቆማት ነበር፤ ቅጠልም ከሩቅ ለቅሞ ያበላት ነበር። ብዙዎቹ ሞቱ፤ በ2015 ዓ.ም. የጋናው ዝናም ሲጥል በሕይወት የተገኙት ግን በእጅ የተነሡት ናቸው። የእግዚአብሔርን ፍጥረት ከፕላስቲክ ዕቃ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። የምንለው ይህ ነው፦ ዋጋ ሌላ ነው፥ ጥቅም ሌላ ነው፤ ዋጋን ገበያ ይቈርጠዋል፥ ጥቅምን ግን የሚያነሣው እጅ ይገልጠዋል።

እንግዲህ ነገራችን የሚመጣው ወደ ልጆቻችን ነው። በዚያው ድርቁ በጸናበት ወራት፥ በጥር 2015 ዓ.ም.፥ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ፥ በመላው ኢትዮጵያ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከመቶው ልጅ ዘጠና ሰባት ያህሉ ወድቀሃል ተባለ ማለት ነው። ፈተናው መኖሩን አንነቅፍም፤ መመዘኛ የሌለው ትምህርት ትምህርት አይደለም። ነገር ግን ሚዛን ለመመዘኛ እንጂ ለመጣያ አልተሠራም። ልጁ ውጤቱን ይዞ ወደ ቤት በገባ ማታ «አንተማ አለቀልህ» የሚለው አባት የገበያውን ቃል በገዛ ቤቱ ያውጃል፤ ምሳር ከሚያበዙት ሰዎችም አንዱ ይሆናል።

ልጅን ማንሣት ማለት ጕድለቱን መሸፈን እንዳይመስለን ደግሞ ከጃጓር ታሪክ ሁለተኛውን ክፍል እንናገር። ያ ለጥርስ ሐኪሞች ካሜራ የዋለው ቅርጽ ማውጫ በኋላ ዘመን ወደ ሌላ ሰው እጅ ገባ። አዲስ የጨዋታ መሣሪያ እንሠራበታለን የሚሉ ሰዎችም ተነሡ፤ በየካቲት 2008 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የመጫወቻዎች ትርኢት ላይ የሥራቸውን ናሙና አሳዩ። ፎቶግራፉን አተኵረው የተመለከቱ ያረጁ መሣሪያዎች አፍቃሪዎች ግን፥ በጃጓር ሽፋን ውስጥ ያለው የሌላ አሮጌ መጫወቻ ሆድ ዕቃ ነው ብለው ተናገሩ። ብዙም ሳይቈይ ስሙን ያዋሰው ድርጅት ስሙን መለሰ፤ ነገሩም ፈረሰ። ከሁሉ ይልቅ ያ መሣሪያ እንዲሠራ የሚመኙት አፍቃሪዎቹ ሲሆኑ፥ ሐሰቱን ያጋለጡት እነርሱው ራሳቸው ናቸው። እውነተኛ ፍቅር እንዲህ ያለ ነው፤ የሚወደውን ነገር ጕድለት ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቃል፥ ስለ ጕድለቱም አይጥለውም፥ በሐሰትም አይሸፍነውም።

በአገራችን ለልጁ የሐሰት የምስክር ወረቀት የሚገዛ፥ ወይም በፈተና ጊዜ መልስ እንዲቀዳለት የሚያመቻች ወላጅ፥ ልጁን አነሣሁት ቢል ያነሣው ሽፋኑን ብቻ ነው። ሆድ ዕቃው የሌላ ሰው ነውና፥ የሚከፍተው በተገኘ ቀን አባትም ልጅም ያፍራሉ።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ልጁ ከወደቀ ማልደን እናንሣው፤ ብቻችንን ባንችል ጎረቤትን፥ መምህሩን፥ የንስሓ አባቱን እንጥራ። የደከመበት ትምህርት የትኛው እንደ ሆነ ከእርሱ ጋር ቍጭ ብለን በእውነት እንወቅ፤ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ፥ ቋንቋ ከሆነ ቋንቋ እንበለው። እጁ የሚወደውንም ሥራ አንናቅበት። የሞተ ሬዲዮ ወይም አሮጌ ስልክ ሲፈታና ሲገጥም ያገኘነው እንደ ሆነ «ይህ ስንት ያወጣል» ብለን አንጠይቀው፤ «ምን ተማርህበት፥ ለማንስ ይጠቅማል» ብለን እንጠይቀው። በጨዋታ ቤት እስኪመሽ የሚቀመጠውን ልጅ ግን በጊዜ ወደ ቤት መጥራት የእኛ ግዴታ ነው። የሰው ሥራ ሲጫወቱበት መዋልና አንድን ነገር ከውድቀቱ አንሥቶ መሥራት የማይመሳሰሉ ነገሮች ናቸው፤ ያንን ልዩነት ለልጁ ማስረዳትም ከቍጣ ይልቅ ይጠቅመዋል።

በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች አንድ ሩብ ሚሊዮን ያልተሸጠን የፕላስቲክ ዕቃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጥሉ ካኖሩት፥ እኛ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ልጅ በአንድ ቀን ውጤት መጣል ምን ያህል ነውር እንደሚሆንብን እያንዳንዱ በቤቱ ያስብ። ወድቆ የተነሣውን ሁሉ ያነሣ አምላክ ለወላጆች ትዕግሥትን፥ ለልጆችም ብርታትን ያድልልን፤ አሜን።