ከአውቶሞቢል በታች ስለሚታይ ጠብታ

አውቶሞቢል ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ስለ ቤንዚኑና ስለ ጎማው ያስባል፤ ስለ ፍሬኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ፍሬኑ እንቢ ባለ ቀን ነው። ያ ቀን ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ፍሬን ከመጥፋቱ አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ ምልክት ያሳያል፤ ይኸውም መኪናው ባደረበት መሬት ላይ የምትገኝ ትንሽ ጠብታ ናት። ይህችን ጠብታ ቀድሞ የሚያያት ነጂው ሳይሆን፥ ጧት ግቢ የሚጠርገው የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ በምሥራቅ ወለጋ በኪራሙ የሚኖር አንድ አባወራ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ነቀምቴ ሊሄድ ተነሥቷል እንበል። መንገዱ በጊዳ አያና በኩል ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ከተሻገረ በኋላም እንደ ገና ወደ ነቀምቴ ደጋ ይወጣል። ባለቤቱ፥ «ከኋላው ጎማ አጠገብ መሬቱ ረጥቧል» ብትለው፥ እርሱም፥ «ዘይት ጨምሬበታለሁ፤ ግድ የለም» ብሎ ቢመልስላት፥ አደጋው ከዚያች ቃል ይጀምራል። ዘይት መጨመር ፍሳሹን አያቆመውምና፤ ቁስልን ሳያክሙ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው።

የዛሬ አውቶሞቢል ፍሬን የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም ወገን እኩል እንደሚያስተላልፍ ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። ይህንን ጥበብ በአራቱም ጎማዎች ላይ ካዋሉት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በአሜሪካ የወጣው ዱዘንበርግ ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር የሚባለው ዋና ሲሊንደር ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ጎማዎቹ ይገፋዋል፤ በዚያ ያሉት ትንንሽ ፒስተኖችም የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋራ ያጣብቁታል። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ ዘይቱ ፈስሶ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፥ ወደ ታችም ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ጠብታ የታየ እንደ ሆነ አስቀድሞ ምንነቱን መለየት ነው። መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ ለጎማው ታኮ ማድረግ፥ ከየጎማው ሥርና ከሞተሩ በታችም ነጭ ካርቶን አንጥፎ ማሳደር መልካም ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭንና አንሸራታች ነው፤ አዲሱ እንደ ጠጅ ቢጫ ሲሆን ያረጀው ወደ ቡና መልክ ይጠቁራል። ከሞተር ዘይት የሚለየውም በውኃ ሲታጠብ በቀላሉ መልቀቁ ነው።

ቀጥሎ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ማስተዋል ይገባል። ከጎማው የውስጥ ወገን ከሆነ የጎማው ሲሊንደር ወይም ተጣጣፊው ቱቦ ነው፤ ከመኪናው ወገብ በታች ከሆነ ጭቃና ዝገት የበላው የብረት ቱቦ ነው፤ ከፔዳሉ በላይ ወይም ከሞተሩ በስተ ኋላ ከሆነ ማስተሩ ነው። ደግሞም አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ አንድ ደቂቃ ያህል ይያዘው። ቀስ እያለ ቢሰምጥ፥ በውጭም ምንም ርጥበት ባይታይ፥ የማስተሩ ጎሚኒ ከውስጥ ማለቁን መጠርጠር ነው። ሸራው ሲያልቅም ዘይቱ በጥቂቱ ዝቅ ይላልና፥ ዝቅ ያለ ዘይት ሁሉ ፈሰሰ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱንም መመርመር ግድ ነው።

ጥገናው የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ግን ምን መደረግ እንዳለበት ይወቅ። የተሰነጠቀ ቱቦ ይለወጣል እንጂ በፕላስተር አይጠመጠምም። ያለቀ ጎሚኒ በአዲስ ይተካል፤ ሲሊንደሩ ከውስጥ ዝጎ ወይም ተፍቆ እንደ ሆነ ግን ሲሊንደሩ ራሱ ይለወጣል። ዘይት የጠጣ ሸራም በግራና በቀኝ አብሮ ይለወጣል፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከዚህ በኋላ አየሩን ማስወጣት ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በጎማው ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን ከፍቶ ይዘጋል፤ ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ እንዲህ ይደረጋል፤ በላይ ያለውም ዕቃ ዘይት እንዳይጎድልበት መጠበቅ ነው። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይጨመርም።

ዘይቱም በዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። የሞተር ዘይት መጨመር ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፥ ፍሬኑንም ሁሉ ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ሲሆን፥ ርጥበት የጠጣው ግን በ140 ዲግሪ ግድም ሊፈላ ይችላል። ክረምቱ በሚረዝምበት በወለጋ፥ ቁልቁለቱም ፍሬኑን በሚያግልበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ያህል ማስለወጥ ይበጃል። ትራፊውን በለስላሳ ጠርሙስ ማኖር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዝ ነውና ልጆች በስሕተት ይጠጡታል።

በመንገድ ላይ ፔዳሉ የሰመጠ እንደ ሆነ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ፥ ማርሹን በየተራ መቀነስ፥ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ መሳብ ነው። ሞተሩን ግን ማጥፋት አይገባም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ያ የኪራሙ አባወራ የባለቤቱን ቃል ሰምቶ ጉዞውን በአንድ ቀን ቢያዘገየው የሚቀርበት የአንድ ቀን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ባይሰማ ግን የአንገርን ቁልቁለት የሚጀምረው ልጆቹን አሳፍሮ ነው። ስለዚህ ጠብታውን አየሁ የሚለውን፥ ሕፃን እንኳ ቢሆን፥ ዝም አታሰኙት፤ ወርዳችሁ ተመልከቱ።