ሙጫውን ስናስለቅቅ ብረቱን አናጥፋ



በዚህች መጽሔት ላይ ላቀርበው የፈለግሁት አሳብ ለአንዳንዱ አንባቢ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም በጊታር ብረቶች ላይ የደረቀ ሙጫ እንዴት መልቀቅ እንዳለበት ነው። ነገር ግን ትንሹን ነገር መያዝ ያልቻለ ትልቁን አይጠብቅምና እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የውጭ አገር የሙዚቃ መሣሪያ ላገራችን እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች በ1916 ዓ.ም. የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ጊታርም ከክራርና ከማሲንቆ ጎን ቦታውን ይዟል። ጎረቤታችን አምቦ ሃጫሉ ሁንዴሳን ያፈራች ከተማ ናት፤ እርሱ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢገደልም ዘፈኑ በጉደር ዛሬም ይሰማል፤ መሣሪያ መማር የሚመኝም ተማሪ በየክፍላችን አለ። እንግዲህ ፍላጎቱ ካለ የጎደለው ምንድን ነው? መሣሪያው ነው ብንል እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያለውንስ እንዴት ይዘነዋል?

በሙዚቃ ክበባችን ያለው ጊታር ለዚህ ምስክር ነው። የአንዱ መቃኛ ብሎን ቢላላ አንድ ጠጋኝ ሱፐር ግሉ አፈሰሰበት። ሙጫው ወደ መቃኛው ጥርስ ገብቶ ደረቀና መቃኛው አልዞር አለ። ቀጥሎም ጥቂት ተማሪዎች ሙጫውን እናውጣ ብለው በምላጭና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፋቁት። ሙጫው ግማሹ ቀረ፤ ኒኬሉ ግን ተላጠ፤ ክረምት ሲገባም ዛገ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ «ይጣልና አዲስ ይገዛ» የሚሉ ተነሥተዋል። እኔ በበኩሌ በዚህ አሳብ አልስማማም።

በመጀመሪያ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። በመቃኛ ላይ የሚያብረቀርቀው ኒኬል እጅግ ስስ ልባስ ነው፤ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር ያንሳል። አንድ ጊዜ በስለት ከተቧጠጠ ከሥሩ ያለው ብረት ለእርጥበት ይጋለጣል። በጊታሩ አንገት ላይ የተደረደሩት ፍሬት የሚባሉት ዘንጎችም ብዙውን ጊዜ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ስለ ሆኑ ከምላጭ ይልቅ ለስላሳ ናቸው፤ የተጫረ ፍሬት ደግሞ ክሩን እያንቀጫቀጨ ድምፁን ያበላሻል። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያለው ፒክአፕ የሚባለው ድምፅ ተቀባይ ከሁሉ የባሰ ስስ ነው። በማግኔቶች ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር ተጠምጥሞበታል። የመፈግፈጊያ ሽቦ ብናኝ ወደዚያ ከበነነ ማግኔቱ ይስበውና አይለቅም።

እንግዲህ ከመፋቅ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ሙጫው ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራው የጥንቱ ሙጫ በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል። የአናጢዎች ነጭ ኮላም በሞቀ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥቂት ጊዜ ቢሸፈን ይላላል፤ ከዚያ ብረቱን ፈጥኖ ማድረቅ ነው። ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ እልከኛ ስለ ሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ካደረጉት በኋላ ቀስ ብሎ መፈንቀል ይሻላል።

ሱፐር ግሉ ግን መፍትሔው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ነው። ይህ ሙጫ ራሱ ታሪክ አለው። ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ ግን ተወው። ለሽያጭ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ፈልሳፊውን ያስቸገረ ሙጫ እኛን ቢያስቸግር ምን ይደንቃል?

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ክሩ ይላላል፤ መቃኛው በካቻቢቴ ተፈትቶ ከእንጨቱ ይለያል። አሴቶን ቫርኒሽንና ብዙ ዓይነት ፕላስቲክን ስለሚያቀልጥ በጊታሩ አካል ላይ ጠብ ማለት የለበትም። እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ መቃኛውን መዘፍዘፍ አይገባም፤ በስንጥር ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ሙጫውን ብቻ ደጋግሞ መንካት ነው። ሁለንተናው ብረት ከሆነ ግን ክዳን ባለው የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ቢያድር ሙጫው ይለሰልሳል። የቀረውን ከብረቱ በሚለሰልስ በቀርከሃ ስንጥር ማንሣት ነው። አሴቶን ቅባቱንም ስለሚያጥብ በመጨረሻ በጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ያስፈልጋል። ፍሬት በሆነ ጊዜ ግራና ቀኝ ያለው እንጨት በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ፒክአፕን ግን ከቶ መዘፍዘፍ አይገባም፤ አሴቶን ውስጡን ሊያበላሸው ይችላልና።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ምድጃና ከቡና ማፍያ ርቆ ይሁን።

«ለአንድ መቃኛ ይህን ያህል ድካም ምን ያደርጋል? አዲሱ ርካሽ ነው» የሚል ተቃዋሚ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገሩ ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን አዲሱን ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ሊያስፈልግ ነው፤ ተገዝቶም ቢመጣ የብሎኑ ቀዳዳ ከአሮጌው እንጨት ጋር ላይገጥም ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን አያያዙን ሳንማር አዲስ ብንገዛ በሚመጣው ዓመት ሌላ ጠርሙስ ሙጫ ይፈስበታል። የኛ መቃኛ መልኩ ቢበላሽም ጥርሱ አልተሰበረም፤ በአሴቶን ሳይሞከር መጣሉ ፍርድ ማጓደል ነው።

ደግሞም የመጀመሪያው በደል ሙጫውን ማፍሰሱ ነበር። የላላ ብሎን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የእንጨት ስንጥር በነጭ ኮላ ተደርጎ ሲደርቅ ብሎኑ እንደ ገና ይያዛል። ቫዮሊን ሠሪዎች ነገ የሚፈታውን አስበው በሙቀትና በውኃ የሚለቅ ሙጫ መምረጣቸው ታላቅ ጥበብ ነው። የክራራችንም ክር በእጅ ይጠመጠማል፣ በእጅ ይፈታል፤ መላው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ክበባችን ደብተር ይያዝ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ሙጫ እንደ ጠገነ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የኬሚስትሪ መምህራችን ቢፈቅዱ ሥራው በእርሳቸው ፊት ይደረግ፤ በክፍል የተማርነው ስለ ማሟሟት የሚናገረው ትምህርት በእጃችን ይገለጥልናል። ሦስተኛ፣ የወላጆች ኮሚቴ አዲስ ጊታር ሳይሆን ካቻቢቴ፣ ጥጥ፣ ፕላስተርና ጥቂት አሴቶን እንዲገዛልን እንለምን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ ጊታሩ ግን ለታናናሾቻችን ይቀራል። ስድስቱም ክሮች ተቃኝተው እናስረክባቸው።