ምሳ ዕቃው በር ላይ አይቀርም

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ትምህርት ስላልነበረ ሁለቱን ልጆቼን፣ የእህቴን ልጅና አማቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሄድኩ። የፓርኩን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛ የለንበትም» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የለንበትም ማለት የሚችለው ስንቱ እንደሆነ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ከፍቶ ሦስት ምሳ ዕቃ አወጣ። «እናት፣ ከውጭ ምግብ አይገባም። ውስጥ ሬስቶራንት አለ» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው፣ አልዋሽም። ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ካርቶን ሰጠኝና ምሳ ዕቃዎቹን ከጠረጴዛው ሥር አስገባቸው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሌላ ሰው ምሳ ዕቃም እዚያው ተደርድሯል፤ አንዱ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ አንዱ ላይ የልጅ ስም በማርከር ተጽፏል። አማቴ ግን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ዳቦ ቆሎ ማንም ሳያይባቸው ይዘው አለፉ። ያን ቀን ከመሀላችን ምሳ በላ የሚባል ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬስቶራንቱ ገባን። «በያይነቱ አለ?» «አልቋል።» «ሽሮስ?» «ሽሮ ዛሬ አልተሠራም።» «ዓርብ እኮ ነው!» አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችኝና «እኔም እየጾምኩ ነው» አለች። ምን ይባላል? ለልጆቹ ችፕስ፣ ለአማቴ የጾም ፓስታ አዘዝን። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። የመጣውን ድንች ለሁለት ስሰብረው ላዩ ጠቁሯል፣ መሀሉ ጥሬ ነው፤ ዘይቱ ከእሱ በፊት ስንት ነገር እንደተጠበሰበት ሽታው ይናገራል። አማቴ ፓስታውን አንዴ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «ቅቤ ነክቶታል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ዳቦ ቆሏቸውን ፈቱ።

ሒሳቡ በእስክሪብቶ ተጽፎ መጣ። ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ በላይ ቫቱ አለ፣ ሰርቪስ ቻርጁ አለ። ከፈልኩ። ማሽን የቆረጠው ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሳህኑን አልመለስኩም። ማኔጀር ጥሩልኝ አላልኩም። መኪና ውስጥ ገብተን በር ስንዘጋ ግን ጀግና ሆንኩ፤ እስከ ቤት ድረስ ስዘልፍ ሄድኩ። የሰሙኝ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት ናቸው።

ይህን የምጽፈው የዚያን ቀን ምሳ ለማስመለስ አይደለም። በዚያው ሰዓት ከፓርኩ በወጣው መኪናና ታክሲ ሁሉ ውስጥ ይኸው ዘለፋ ይሰማ እንደነበር ስለማውቅ ነው። ሁላችንም አዝነናል፤ ሁላችንም ለየብቻ ነው ያዘንነው። ለየብቻ የታዘነ ሐዘን ደግሞ ካሸሩ ጆሮ አይደርስም።

ጎረቤታችሁ ያለ ምግብ ቤት ሽሮው ቢጎረና በማግስቱ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላው ጋ ትገባላችሁ። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። አጥር ውስጥ ያለ ሬስቶራንት ግን ተሻግረን የምንሄድበት ማዶ የለውም። መግቢያ ተከፍሏል፣ ልጅ ተርቧል፣ ምሳ ዕቃው በር ላይ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ የቀረበልንን መብላት ነው። ገበያው ሊቀጣው የማይችለውን ምግብ ቤት ማን ይቅጣው? እዚያ የተቀመጥነው እኛ፣ አብረን። ሌላ ሰው የለም።

«ፓርክ ውስጥ ጥሩ ምግብ አይጠበቅም፤ ሰው የሚሄደው ለጨዋታው ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቡዌና ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ዋልተር ኖት የተባለ ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር ቤሪ እያመረተ መንገድ ዳር ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934፣ አገሩ ሁሉ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታበት ጊዜ፣ ሚስቱ ኮርዴሊያ ለመደጎሚያ ብላ የተጠበሰ ዶሮ እራት መሸጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ስምንት ሰው ብቻ ነበር ያስተናገደችው፤ በሠርጓ ሳህኖች፣ በ65 ሳንቲም። የዶሮው ወሬ ተሰማና ሰልፉ ለሰዓታት የሚያስቆም ሆነ። ባልየው ሰልፈኛው እንዳይሰለች ብሎ እ.ኤ.አ. በ1940 የድሮ የምዕራብ አሜሪካ መንደር የሚመስል ነገር መሥራት ጀመረ። ዛሬ ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባለው ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ከዚያ ሰልፍ የበቀለ ነው። የዶሮ ቤቱም እስከ ዛሬ አለ። መጀመሪያ የነበረው ምግቡ ነው፤ ጨዋታው የመጣው በልቶ ለመሄድ የተሰለፈውን ሰው ለማቆየት ነው። የእኛ ፓርኮች ነገሩን ገልብጠውታል፤ ሰውን በጨዋታ ያስገቡትና የተገኘውን ያበሉታል።

የምግቡ ነገር የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ጠዋት ተጠብሶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መስታወት ውስጥ የተቀመጠውን ሳምቡሳ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም ኩሽና ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሙቅ፣ ማቀዝቀዣ የሚገባው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፣ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የእኛ ከተማ ደግሞ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ስትወጡ ከዚያም ይወርዳል። ድንቹም ባቄላውም ቆላ ካለው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ እሳት ላይ መቆየት አለበት ማለት ነው። የተራራው ነፋስ ደግሞ ሳህኑን ጠረጴዛ ሳይደርስ ያቀዘቅዘዋል። ይህን የሚያውቅ ሼፍ ድንቹን ቀድሞ ቀቅሎ ይጠብሳል፣ ሳህኑን አሙቆ ይልካል። ችግሩ የእውቀት አይመስለኝም። «የት ይሄዳሉ?» የሚለው ሐሳብ ነው ሳህኑን የሚያቀዘቅዘው።

ስለ በያይነቱ ደግሞ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም ነገሩ አናዶኛል። በእኛ አገር ፓርክ ውስጥ ከአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን የሚጾም ክርስቲያን አለ፤ ጾሙ ሁሉ ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛል። ሥጋው የሙስሊም መሆኑን ሳያረጋግጥ የማይበላ ቤተሰብ አለ። ወተት የማይስማማው ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ሰው ያለ ጥያቄ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ምግብ አንድ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው የተደረደረበት ትሪ። ብረት ድስቱ ሥጋና ቅቤ ካልነካው ሁሉም ይበላዋል። ለአብሳዩም ርካሽ ነው፣ ጠዋት ተሠርቶ በሙቀቱ መቆየት ይችላል። እንዲህ ያለ ምግብ እጁ ላይ እያለ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ «አልቋል» የሚል ኩሽና ግማሹን ደንበኛ በር ላይ እንደመለሰ ይቁጠረው።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ይሉኝታ ነው። «ለሆዷ ስትል ተጣላች» እንዳይባል። ምግብ መመለስን የእኛ አስተዳደግ አይፈቅድም፤ የቀረበን ማዕድ ማማት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግን ያ ሥርዓት የእንግድነት ነው። ሰው ቤት ተጠርታችሁ የቀረበላችሁን አታማርጡም፤ ከፍላችሁ የገዛችሁትን ግን ታማርጣላችሁ። ሁለቱን አደባልቀን ነው የምንጎዳው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ አስተናጋጇን አትቆጡ። ሜኑውን ያወጣችው እሷ አይደለችም፣ ዘይቱ እንዳይቀየር ያዘዘችው እሷ አይደለችም። በበዓል ቀን ብቻዋን አሥራ አምስት ጠረጴዛ ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ፣ ምሳዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆማ ትጎርሳለች። የአገልግሎቱ መዘግየት አብዛኛው ከሰው ማነስ ነው። ቅሬታችን ወደ ማኔጀሩ ይሂድ፣ በስሙ ተጠርቶ ይምጣ፤ ከምንጠይቀውም አንዱ የአስተናጋጅ ቁጥር ይጨመር የሚለው ይሁን። አብራን እንድትቆም እንፈልጋታለን።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ መብት ይሰጠዋል። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ፣ ለሸጠው ደረሰኝ መስጠት አለበት። ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ በነፃ ድጋሚ እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ያን ቀን እኔ ያልጠየቅኩት ማለት ነው።

ለብቻው የቆመ ወላጅ ደረሰኝ ይዞም ቢሆን ደካማ ነው። ጉልበታችን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በትምህርት ቤት ጉዞ። አንድ ክፍል 40 ልጅ ቢይዝ አራት ክፍል 160 ሳህን ነው፣ በአንድ ቀን፣ አስቀድሞ በተከፈለ ገንዘብ። ፓርኮቹ በሥራ ቀን ጠረጴዛቸውን የሚሞሉት በእነዚህ ልጆች፣ በማኅበር ጉዞና በመሥሪያ ቤት ሽርሽር ነው። ያን ገንዘብ የሚይዘው ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ነው፣ የማኅበሩ ሙሴ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅበራዊ ኮሚቴ ነው። የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። እኛው ነን።

ስለዚህ ወላጆች፣ የዚህን ዓመት ጉዞ ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ሰው ላኩ። ሳይነገር፣ በሥራ ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት ሄደው ልጆቻችሁ የሚበሉትን ይብሉ። መጸዳጃ ቤቱንና የእጅ መታጠቢያውን ይዩ፤ ሳሙና የሌለበት መታጠቢያ ስለ ኩሽናው ብዙ ይናገራል። ከዚያ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጠይቁ፦ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ የተጨመረበት የመጨረሻ ዋጋ መግቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ የጾም ምግብ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጥፋ፤ ለልጆች የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ በነፃ ይኑር፤ የልጅ ምሳ ዕቃ ይግባ። «እሺ» ያለው ፓርክ ጉዞውን ያግኝ። «አሠራራችን አይፈቅድም» ላለው ደብዳቤውን ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት አስተላልፉለት፣ ልጆቹንም እንጀራና ምንጣፍ አስይዛችሁ ምሳ ወደማይከለከልበት ሜዳ ውሰዷቸው።

ምሳ ዕቃ ይግባ ማለት እብደት የሚመስለው ካለ፣ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ዎርልድ ጎብኚ የራሱን ምግብ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ እንደ መስታወት ዕቃና አልኮል ያሉትን ነው የሚከለክለው። ፈጣን ምግብ የሚሸጥባቸው ቤቶችም ለጠየቀ ሰው አንድ ኩባያ የበረዶ ውሃ በነፃ ይሰጣሉ። ይህን ያጫወተችኝ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች እህቴ ናት። እሷንም አልማርኳትም። እዚህ ስትመጣ የቀረበላትን ሒሳብ ሳታይ ትከፍላለች፤ «በዶላር ሲመነዘር እኮ ምንም አይደለም» ትላለች። ከውጭ የምትመጡ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተ እዚያ ቀዝቃዛ በርገር ስትመልሱ አታፍሩም። እዚህም መልሱ። እናንተ ዝም ብላችሁ የከፈላችሁት ዋጋ እናንተ ስትሄዱ እኛ ላይ ይቀራል።

የማኅበር ሙሴዎች፣ የልደት ድግስ የምታዘጋጁ እናቶች፣ የሠርግ ፎቶ ለመነሳት ሚዜ አስከትላችሁ ፓርክ የምትገቡ ሙሽሮች፣ እናንተም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኩሽናውን ጠይቁ። ለብቻችሁ የገባችሁም ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትነሱ፤ የቀዘቀዘ ሳህን ሲመጣ ከጎናችሁ ያለውን ጠረጴዛ «የእናንተስ?» በሉት። አንድ ሰው ሲነሳ ተናዳፊ ነው ይሉታል፤ አራት ጠረጴዛ አብሮ ሲነሳ ማኔጀሩ ራሱ ይመጣል።

የእኛ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፣ እስካሁን ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል። አማቴም የልጅ ልጆች አሉኝ ብለው ይመጣሉ። ዳቦ ቆሎውን እሳቸው ያመጣሉ፣ እስክሪብቶ እናንተ ያዙ።