ኤሊ ቤቷን ተሸክማ አትዞርም

ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ ትዞራለች ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በተረቱም በጨዋታውም ኤሊ ስለ መጠለያ የማትጨነቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ ገብታ በሯን የምትዘጋ ፍጡር ተደርጋ ትሳላለች። አባባሉ ያምራል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ያማረ ስሕተት በየግቢያችን በሚቀመጡ ኤሊዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማሳየት፣ እንዲሁም ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሊ ለማሳደግ የሚያስብ ወጣት እንስሳዋን ከማምጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት አስተያየታችንን ማካፈል ነው። የፊዚክስ መምህር ስለ ኤሊ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ የኤሊ ቤት ከምንም በላይ የሙቀትና የብርሃን ጥያቄ ነውና።

አስቀድመን ግን አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለን አንድ ዘመዳችን ከአዋሽ በኩል ሲመለስ መዳፍ የምታክል ኤሊ ይዞልን መጣ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «ቤቷንማ ይዛ መጥታለች» ብለን በካርቶን ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አነጠፍንላትና በማድ ቤቱ ጥግ አስቀመጥናት። ጎመንና የእንጀራ ፍርፋሪ እንሰጣት ነበር። እስከ ግንቦት ድረስ ደኅና መሰለችን። ክረምቱ ሲገባ መብላት ተወች፤ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ በአፍንጫዋም አረፋ ይታይ ጀመር። ትልልቆቹ «ክረምቱን ተኝታ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ትነቃለች» አሉን። መስከረም ጠባ፤ እርሷ ግን አልነቃችም።

የሞቷን ምክንያት የተረዳነው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት በሄድንበት በሰሜን አውሮፓ ነው። በቤተ ሙከራ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ባልደረባችን በመኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ኤሊ ነበረችው። ቤቷ ረጅም የእንጨት ሣጥን ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ሁለት መብራቶች ተሰቅለዋል፤ በሁለቱም ጫፎች ቴርሞሜትር ተቀምጧል። አንድ ቴርሞሜትር አይበቃም ወይ ብለን ብንጠይቀው፣ ኤሊዋ የምትፈልገው አንድ የሙቀት መጠን ሳይሆን ምርጫ መሆኑን አስረዳን። ያን ዕለት ማታ የማድ ቤቱ ካርቶን ትዝ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውም ሆነ ወፍ ከሚመገበው ምግብ የሰውነቱን ሙቀት ያመነጫል። ኤሊ ግን ይህን ለማድረግ የሚበቃ የውስጥ ምድጃ የላትም። ጠዋት ፀሐይ ላይ ትወጣለች፤ ስትሞቅ ትበላለች፤ ሲበዛባት ወደ ጥላ ትገባለች። የምግቧ መፈጨት፣ የጡንቻዋ ጉልበት፣ በሽታ የመከላከል ኃይሏ ሁሉ በዚህ ምልልስ ላይ የተመሠረተ ነው። ድንጋይ የምንለው ቅርፊቷም ቤት ሳይሆን አካሏ ነው። የጀርባና የጎድን አጥንቶቿ ከቅርፊቱ ጋር ተዋሕደዋል፤ ስሜትም አለው። ስለዚህ ቅርፊቷን በስቶ ገመድ ማሰር በሕያው አጥንት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ነው። ቅርፊቱ ከአውሬ ጥርስ ያድናት እንደ ሆነ እንጂ ከብርድ አያድናትም። ጋቢ የሚያሞቀን የራሳችንን ሙቀት ስለሚይዝልን ነው፤ ሙቀት ለማያመነጭ ድንጋይ ጋቢ ቢደርቡለት አይሞቅም።

በአገራችን በብዛት የምትታወቀው ጀርባዋ እንደ ነብር ዥጉርጉር የሆነችው የየብስ ኤሊ ናት። ዝርያዋ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሣራማ ቆላዎችና በቁጥቋጦ ምድር ይኖራል። ይህች ኤሊ እንደ አንዳንድ የአውሮፓ ኤሊዎች ወራቱን ሙሉ ተኝታ ብርድን የማሳለፍ ተፈጥሮ የላትም። በቀን የምትሞቅበት ሥፍራ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ጥላዋ 25 ዲግሪ ገደማ ቢሆንላት፣ ሌሊቱም ከ18 ዲግሪ ባይወርድባት ይስማማታል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ክረምቱ ደግሞ ብርድን ከእርጥበት ጋር ያጣምራል። «ተኝታ ነው» የተባለላት ኤሊያችን አልተኛችም ነበር፤ ታምማ ነበር።

ትንሽ ኤሊ ደግሞ ከትልቋ ይልቅ ለብርድ የተጋለጠች ናት። 4 ሴንቲ ሜትር የነበረች ኤሊ 40 ሴንቲ ሜትር ስትደርስ ርዝመቷ 10 እጥፍ፣ የገጿ ስፋት 100 እጥፍ፣ ክብደቷ ግን 1,000 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር፣ ትንሿ 10 እጥፍ የሚበልጥ ገጽ ለብርድና ለድርቀት ትከፍታለች። ልጆች የሚመርጧት ግን ይህችኑ ትንሿን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ከፀሐይ ጨረር መካከል የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖ ሜትር የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ቢ በቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ 3 እንድትሠራ ያስችላታል። ያለዚህ ቫይታሚን ካልሲየም ወደ አጥንቷ አይደርስም፤ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ተራ የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር በአብዛኛው አያሳልፍም፤ ተራ አምፖልም አይሰጥም። የባልደረባችን አንደኛው መብራት ለዚህ ጨረር ብቻ ተብሎ የተገዛ ነበር፤ ኃይሉ ከወራት በኋላ ስለሚደክም በየጊዜው ይለወጣል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ይህን ጨረር በነጻ እናገኛለን። እነርሱ በገንዘብ የሚገዙትን ፀሐይ እኛ ከደጃችን ትተን ኤሊዋን ማድ ቤት አስገባናት!

እንግዲህ በደጋ ከተማ የሚሠራ የኤሊ ቤት ቀኑን በፀሐይ፣ ሌሊቱን በተቆጠበ ሙቀት የሚመራ መሆን አለበት። ለቀኑ የሚያስፈልገው ሣር የበቀለበት፣ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ የሆነ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት የታጠረ ሰፊ መሬት ነው። አጥሩ ማዶውን የማያሳይ ይሁን፤ ኤሊ ማዶውን ካየች መውጫ የምታገኝ መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትታገል ትውላለችና። የመስተዋት ሣጥን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሙቀቱ ይታፈንና በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገድላታል።

ለሌሊቱ በሯ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ወለሏ በድንጋይና በሳንቃ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ደረቅ ሣር የተነጠፈባት ትንሽ ጎጆ ትሠራ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሙቀቱን በጠራ ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ከሥሩ ወፍራም የሣር ንጣፍ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋስ? ጥቁር ቀለም የተቀባ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ቀን በፀሐይ ይሙቅ፤ ፀሐይ በጠፋችበት ዕለት ፍል ውኃ ይቀላቀልበት። ውኃው ከ35 ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1,260 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። ይህ በ12 ሰዓት ሲካፈል ወደ 29 ዋት ይጠጋል። በሚገባ ለተሸፈነች ትንሽ ጎጆ ቀላል እርዳታ አይደለም። አንድ ጀሪካን ይበቃ እንደ ሆነ፣ ወይም ሁለት ያስፈልግ እንደ ሆነ ቴርሞሜትሩ ይናገራል።

ምግቧ በአብዛኛው ሣርና የዱር ቅጠላ ቅጠል ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋ አይስማሟትም። ገብታ መውጣት የምትችልበት ጥልቀት የሌለው የውኃ ሣሕን ሁልጊዜ ይኑራት። ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል መርዛማ ስለሆነ ከግቢዋ ይወገድ። የነካት ሁሉ ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የተከለከለው ልጆች በዚህ ተሐዋሲ በመታመማቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው አስተያየታችን እንምጣ። ኤሊ ማሳደግ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ ቤቱን ይሥራ፤ ከዚያም ለአንድ ወር ኤሊ የሌለበትን ቤት ይጠብቅ። በውስጡ ቴርሞሜትር ያኑር፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ፣ ከተቻለም ጎሕ ሳይቀድ፣ መጠኑን በደብተሩ ይመዝግብ። ሣሩን ይከርክም፤ ውኃውን ይለውጥ፤ ጀሪካኑን ያሙቅ። ወሩም ቀዝቃዛው ወይም ዝናባማው ወር ይሁን እንጂ ሚያዝያን አይምረጥ። ቁጥሮቹ ካላማሩ ቤቱን ያሻሽል። ቁጥሮቹ አምረው ጠባቂው ከተሰላቸ ደግሞ ፈተናውን የወደቀው ቤቱ ሳይሆን እርሱ ነውና ሐሳቡን ይተው። ይህች እንስሳ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ የዛሬው የ17 ዓመት ተማሪ ጡረታ ሲወጣ እርሷ ገና ሣር ትግጣለች። አንድ ወር ለዚህ ሁሉ ዘመን የሚከፈል ቀላል መያዣ ነው።

ፈተናውን ያለፈ ሰውም ቢሆን ወደ ቆላ ወርዶ ኤሊ ያንሣ አንልም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከመኖሪያው አንሥቶ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። የየብስ ኤሊዎች ሁሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ነገር ግን በየግቢውና በየአትክልት ቦታው ለዓመታት የኖሩ፣ ባለቤታቸው የሄደባቸው ወይም የሰለቻቸው ኤሊዎች አሉ። የተዘጋጀ ቤት ያለው ወጣት የሚመለከተውን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቆ ከእነዚህ አንዷን ቢረከብ፣ ከዱር አንዲት ሳይጎድል አንዲት ነፍስ ያሳርፋል።

ለእኛ ኤሊ ያልተደረገላት ይህ ነበር። ከአዋሽ ሜዳ ስትነሣ ቤቷ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ የሞቀው አሸዋ፣ የግራሩ ጥላ፣ የጠዋቷ ፀሐይ። እኛ የተቀበልነው አካሏን ብቻ ነው። በጀርባዋ ያለውን አይተን ቤት አላት አልን፤ ቤቷን ለማወቅ ግን አንድ ቴርሞሜትርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃን ነበር።